የወለሉ መስመር

ቁልፉ ስንዝር ያህላል፣ ኪሴን ይቀድዳል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጭኔን ሲመታ ኖሯል።
"ኡመሬ፣ ክፈተው!" ይላል የመጣ ሁሉ፤
ሙሽራም፣ ካድሬም፣ ተፈታኝም፣ አንድ ነው ቃሉ።

አባቴ በጀርባው ድንጋይ ሲያወርድ ከጦሳ፣
ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ምሰሶው ሲነሳ፤
"ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው፣
"ለሁሉም ነው" አለኝ፣ ላቡን እያደረቀው።

ወለሉ ጣውላ ነው፣ የተወለወለ፤
ሦስት ዓይነት መስመር ላዩ ላይ የተሳለ፦
ቀዩ ለቅርጫት ኳስ፣ ነጩ ለእጅ ኳስ፣ ቢጫው ለመረቡ፤
ለመጤ ዓይን ሁልጊዜ ግራ የሚያጋቡ።
እኔ ግን በጨለማ በእግሬ አውቃቸዋለሁ፣
መጥረጊያ አስቀድሜ ስንቴ ሄጃቸዋለሁ።

ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ስብሰባ ገባበት፤
አንድ ካድሬ ቆሞ ሦስት ሰዓት አወራበት፤
ማንም ውልፍት አይልም፣ በሩ ዘብ አለበት።
ድንገት ከጦሳ በኩል በረዶ ወረደ፤
ቆርቆሮው ሲያገሳ ድምፅ ማጉያው ራደ፤
አፉ ይላወሳል፣ ቃሉ ግን የት ሄደ?
እትዬ ዘምዘም ከኋላ፣ ሻሿን ወደ አፏ ጎትታ፣
"እሰይ፣" አለች፣ "ዛሬ ደግሞ እድል ተሰጠው ለጌታ።"

ከዚያ ወዲህ ያልገባበት የለም።
የቦክስ ግጥሚያ ነበር። የወገልጤና ልጅ በሦስተኛው ዙር ተመትቶ
ወደቀ፤ ሲነጋ ሄደ፣ አንድ ጥርሱን እዚህ ትቶ፤
በክብሪት ቀፎ አኑሬዋለሁ፣ ቢጠይቀኝ ድንገት መጥቶ።
የአሥራ ሁለተኛ ፈተና፦ አራት መቶ ወንበር፣
እርሳሱ ሲጫጫር የፌንጣ መንጋ ነበር።
ቅዳሜ የሰዓዳ ሰርግ፣ እሁድ የጥሩወርቅ፤
ወንበሩ ያው ወንበር፣ የምቀይረው ጨርቅ።
ድስት ብቻ ነው ሁለት፣ ከጓሮ የሚጣድ፤
ጣሪያው እልልታን አይለይም በዘመድ።

ያን ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በሩ ሌሊት ተመታ፤
ማነው አላልኩም፤ ሰማሁ የሕፃን ለቅሶ፣ የጄሪካን ኳኳታ።
ከቆቦ ነው፣ ከሐራ፣ ከመርሳ በእግር የመጡ፤
ከፈትኩ። "አብሽሩ፣ ግቡ።"
ወለሉን አይተው ጫማ አወለቁ፣ ገና ሳይቀመጡ።
በነጋታው፣ ማንም ሳያዝ፣ መስመሮቹ ድንበር ሆኑ፤
"ከቀዩ ወዲህ የኛ፣ ከቢጫው ወዲያ የናንተ" ተባባሉ፣ ተማመኑ።
ከቅርጫቱ ሥር ብቻ ሰባት ቤተሰብ ተኛ፤
በግብ ጠባቂው ክልል አንድ ሽማግሌ ሆኑ ዳኛ።
ነጩን የረገጠ ልጅ ይቅርታ ይጠይቃል፤
ቤት ቢቀር እንኳ ሰው ደጃፍ ማክበር ያውቃል።

መሐል ክቡ ውስጥ ነው ያልጋነሽን ምጥ የያዛት፤
የተገኘውን ጋቢ ሁሉ ሴቶቹ ጋረዱላት፤
መብራት አልነበረም፤ የስልክ ባትሪ አበራንላት።
"ስሟ ስደት ይባል" አለ አንዱ ከዳር።
"ስደቱስ ያልፋል" አለች እናት፣ ላብ ከግንባሯ ሳይደርቅ፣
"የወደቀችበት ግን መስመር ነው፤ እሱን ነው የማውቅ።"
መስመር ተባለች።

ሲሄዱ ወለሉ ላይ የኩራዝ ጠባሳ ቀረ፤
ማዘጋጃ ቤት መጥቶ "ይላጥ፣ ይቀባ" ብሎ መከረ።
ላጥን፣ ቀባን፤ መሐል ክቡ ላይ ስደርስ ቀለም አለቀ አልኩ፤
ጣሳው ግማሽ ነበር፤ ኦዲተር አይስማኝ፣ ደበቅኩ።

ትናንት ያልጋነሽ መጣች፣ ልጇን ከፊት አስቀድማ፣
የመርሳ ብርቱካን በፌስታል ተሸክማ።
አዳራሹ ባዶ ነበር። "ያውልሽ" አልኳት፤ ክቡን አሳየኋት፤
አላየችውም። ሮጠች፣ በቀዩ፣ በነጩ፣ በቢጫው፣ የማን ነው ሳይሏት።

አባቴ "ለሁሉም" ሲል ኳስና ሰርግ ይሆናል ያሰበው፤
ድንጋዩን ግን፣ ሳያውቅ፣ ለሷም ነው ያቀረበው።
ነገ በጠዋት ስብሰባ አለ፤ አራት መቶ ወንበር ይደረደራል።
ቁልፉ ኪሴ ነው። እስኪደክማት ይቆያል።